የጥሩነህ ቦርጭና የተወነጀለችው ክኒን

ጥሩነህ ሳን ሆዜ ሃያ ሁለት ዓመት ኖሯል። ኤርፖርቱ አጠገብ ያለ ፓርኪንግ ውስጥ ሱፐርቫይዘር ነው። በሥራው አይታማም፤ የሚታማው በአፉ ነው። አላውቅም ማለት ለእሱ ውርደት ነው። ስለ መኪና ሞተር፣ ስለ ግሪን ካርድ፣ ስለ ሰው ትዳር ሲጠየቅም ሳይጠየቅም ይፈርዳል። የሚገርመው ሰሚ አለማጣቱ ነው። ድምፁ ወፍራም ነው፤ ሰው ደግሞ ወፍራም ድምፅ ሲሰማ እውቀት ይመስለዋል።

የዛሬ ሦስት ዓመት ለዓመታዊ ምርመራ ሄዶ ኮሌስትሮሉ ከፍ ብሎ ተገኘ። ሐኪሟ ስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መቀነሻ ክኒን አዘዘችለት፤ ቅባት እንዲቀንስና በእግሩ እንዲሄድም መከረችው። ጥሩነህ ከዚህ ሁሉ ክኒኗን ብቻ ይዞ ወጣ።

በሦስተኛው ወር ደሙ ሲታይ ኮሌስትሮሉ ወርዷል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጓሙን ፈታ። ጎረቤት ከተማ ካምቤል ያለው የሐበሻ ምግብ ቤት ቅዳሜ ቅዳሜ ብቻ ብቅ ይል የነበረ ሰው በሳምንት አራት ቀን ይሰየም ጀመር። ክትፎውን በቅቤ ያስለውሳል፣ ጎድን ጥብስ ያስከትላል። ባለቤቱ አይናዲስ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነርስ ናት፤ የልብ ሕመም ምን እንደሚመስል በየቀኑ ታያለች። ተው ስትለው መልሱ አንድ ነበር።

"ምን አስጨነቀሽ? ክኒኗ ታጥበዋለች።"

ዓመት ሳይሞላ ሃያ ስድስት ፓውንድ ጨመረ። የዩኒፎርሙ ቁልፍ አልገጥም አለ። ሌላ ሰው ቢሆን ጎድኑን ይጠረጥራል። ጥሩነህ ግን ዩቲዩብ ላይ ነጭ ጋዋን የለበሰ አንድ የማቅጠኛ ዱቄት ሻጭ አገኘ። ሰውየው ያቺ ክኒን ሰው ታደልባለች ይላል። ጥሩነህ ቪዲዮውን እስከ መጨረሻው እንኳ አላየውም። ክኒኑን ዕለቱን አቆመ፤ ቪዲዮውን ለሚያውቀው ሁሉ ሼር አደረገ።

አይናዲስ ስለ ነገሩ የባሏን ሐኪም ጠየቀች። ሐኪሟም አንዳንድ ሰው ላይ ትንሽ ክብደት መጨመር እንደታየ፣ ብዙ ጊዜ ግን ሰው መድኃኒቱን ተማምኖ አብዝቶ ስለሚበላ እንደሚሆን አስረዳቻት። ጥሩነህ ከዚህ ውስጥ "ታየ" የምትለዋን ብቻ ለቀመ። ሐኪሟ ራሷ አመነች እያለ ያወራ ጀመር።

እዚህ ላይ ቢያበቃ ኖሮ ጉዳቱ የራሱ ነበር። ነገር ግን ኦክላንድ አንድ ክርስትና ላይ ከጋሽ ኣንደማርያም ጎን ተቀመጠ። ጋሽ ኣንደማርያም አስመራ ተወልደው አዲስ አበባ ያደጉ፣ የጫማ ማደሻ ሱቅ ያላቸው፣ ሰባ አንድ ዓመት የሞላቸው ዝምተኛ ሰው ናቸው። ቀደም ሲል ልባቸውን ታመው፣ የጠበበ የደም ሥራቸው ውስጥ ስቴንት የሚባል ማስፊያ ገብቶላቸዋል። ያችኑ ክኒን ይወስዳሉ። በቅርቡ ሰውነታቸው ከበድ ብሏቸው ነበርና ይህንኑ ሲያነሡ ጥሩነህ አላስጨረሳቸውም።

"ጋሼ፣ እርስዎን ያወፈረችዎት እሷ ናት። እኔ ትቼያት ይኸው ቀለለኝ።"

አልቀለለውም። ሱሪው ከወገቡ በታች ነበር የታሰረው። ሽማግሌው ግን ሰው አይዋሽም ብለው የሚያምኑ ስለሆኑ ክኒኑን ተዉ።

በአራተኛው ወር ሱቃቸው ውስጥ ደረታቸውን ይዘው ወደቁ። ጫማዋን ልትወስድ የመጣች ደንበኛ አምቡላንስ ጠራችላቸው። ተረፉ፤ ሁለተኛ ስቴንት ገባላቸው። ሐኪሞቹ መንስኤው ይህ ብቻ ነው አላሉም፤ ያለ ክኒን መክረማቸው ግን ክፉኛ አስቆጣቸው።

ጥሩነህ ብርቱካን ይዞ ሆስፒታል ሊጠይቃቸው መጣ። ገና ሳይቀመጥ ስለ ነጭ ሽንኩርት ጥቅም ጀመረ። የጋሽ ኣንደማርያም ልጅ ሂወት አማርኛ ትሰማለች እንጂ መልሷ ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ ነው። ያን ቀን ግን ቃሉን ፈልጋ አገኘችው።

"አባቴን ክኒን አቁም ያልከው አንተ ነህ?"

አንተ ያለችው እርስዎ ማለት ጠፍቷት አልነበረም። ጥሩነህ ስለ ቪዲዮው፣ ስለ ጥናት፣ ስለ መድኃኒት ፋብሪካዎች ይቀባጥር ጀመር። ከአልጋው ላይ ጋሽ ኣንደማርያም እጃቸውን አነሡ።

"ተዪው ልጄ። እሱ እንደሁ አፍ ብቻ ነው። ጥፋቱ ጆሮ የሰጠሁት የኔ ነው።"

ጥሩነህ ሄደ። ጥቂት ቀን ቆይቶ ማንም ሳያየው ሐኪሟ ዘንድ ቀረበ። ሚዛን ላይ ሲወጣ፣ ክኒኗን በተወባቸው ሰባት ወራት ዘጠኝ ፓውንድ ጨምሯል፤ ኮሌስትሮሉም ወደ ድሮው ተመልሷል። ክኒኗን እንደገና ጀመረ። ለማንም አልተናገረም። ተሳስቼ ነበር የሚል ቃል ከዚያ አፍ ሲወጣ የሰማ ሰው ካለ እኔ አላውቀውም።

የተናገረችው አይናዲስ ናት። እሑድ ከሰዓት የባሏን ስልክ ተቀብላ፣ ቪዲዮውን የላከላቸውን ሰዎች አንድ በአንድ ኮል አደረገች። ሠላሳ አራት ሰው። ሦስቱ ክኒናቸውን አቁመው ነበር፤ አንዷ ራቅ ብላ ኤል ሴሪቶ ከተማ የምትኖር መበለት ናት። ለሁሉም ስሟን እየነገረች፣ ባሌ የላከው ውሸት ነው፣ ሐኪማችሁን ሳትጠይቁ አታቁሙ አለቻቸው።

ጥሩነህ ሶፋው ላይ ተቀምጦ ሁሉንም ሰማ። ስትጨርስ ስልኩን እጁ ላይ አስቀመጠችለትና ወደ ሥራዋ ሄደች።