ማንም የማያውቀው ስሜ

ጣና ዳር ባለ አንድ ሆቴል ስለ ግል መረጃ አጠባበቅ ስብሰባ ተጠርቼ ሄድሁ። በር ላይ የምትመዘግበው ልጅ ፎቶ አነሳችኝና፣ «ጋሼ፣ የስብሰባውን መተግበሪያ ስልክዎ ላይ ይጫኑና ስምዎን ያስገቡ» አለችኝ።

እኔ ደግሞ ጠርጣራ ነኝ። «ስሜን ማን ሊያየው?»

«ኧረ ማንም አያየውም፤ ሲስተሙ ብቻ ነው።»

ይህ ሲስተም የሚሉት ሰውዬ የማን ዘመድ እንደሆነ ስላልነገረችኝ ይበልጥ ጠረጠርሁ። ስለዚህ አባቴ ያወጣልኝን ስም ደብቄ፣ ማንም የማያውቀውን የክርስትና ስሜን አስገባሁ። እናቴ፣ «ይህን ስምህን ከእኔ ስም ጋር ያገኘ ሰው ኮከብህን አስቆጥሮ ድግምት ያሠራብሃል፤ ለሚስትህም እንዳትነግር» ብላ ያስማለችኝን ማለቴ ነው። በብልሃቴ እየተደሰትሁ ገብቼ ተቀመጥሁ።

ወዲያው የአዳራሹ ትልቅ ስክሪን በራና ከነፎቶዬ፣ «እንኳን ደህና መጡ፣ ወልደ ገብርኤል!» የሚል ወጣበት።

ከፊቴ የተቀመጠው ሰው ዞር አለ። በአጥር ወሰን የምንካሰሰው፣ ጠንቋይ ቤት ይመላለሳል እየተባለ የሚታማው ጎረቤቴ ነው። ሰላም ካለኝ ሁለት ዓመት አልፎታል። ፈገግ ብሎ እስክሪብቶውን አወጣ።

«ወልደ ገብርኤል፣ እንዴት አደርህ? እናትህስ ማን ነበር ስማቸው?»