የሐጃ ሐዲያ ሰባት ቀሚሶች

ሐጃ ሐዲያ በፖርት ሰዒድ፣ ከዓሣ ገበያው ጀርባ ባለችው አንዲት ሱቅ፣ ዕድሜያቸውን ሙሉ ልብስ ሰፉ። ስማቸው በአረብኛ «ስጦታ» ማለት ነው፤ ጣጣውም የመጣው ከዚያ ነው።

አንድ ሰኞ ወደ ጉምሩክ ቢሯችን መጡ። ከስፌት መኪናቸው ባለ ጥርስ ትንሽ ብረት ተሰብሮ፣ ምትኩን የልጅ ልጃቸው በኢንተርኔት አዝዛላቸው ነበር። ሐሙስ የጎረቤታቸው ልጅ ሰርግ ነው፤ የሙሽራዋ ቀሚስ ግን ገና እጅጌ የለውም።

ሻጩ ቅጹን ሲሞላ ተሳስቶ ስማቸውን በዕቃው ዓይነት ቦታ፣ የሱቃቸውን አድራሻ ደግሞ በተቀባይ ቦታ ጽፎታል። ፈታሹ ወግዲ ቅጹን አገላበጠው።

«ሐጃ፣ እዚህ ላይ ስጦታ ይላል። ውስጡ ግን የግዢ ደረሰኝ አለ።»

«ስጦታዋ እኔ ነኝ፣ ልጄ!»

«እርስዎማ ላገርም ስጦታ ነዎት። መታወቂያዎትስ?»

«ለእድሳት ገብቷል።»

«እንግዲያው ዕቃው ወደመጣበት ይመለሳል። ቅጹ ሐሰተኛ ዲክላራሲዮን ነው።»

«ሙሽራዋን ያለ እጅጌ ልዳራት?» አሉና ወደ እኔ ዞሩ። «አንተ የመዝገብ ቤቱ! እናንተ ዘንድ ስሜ አለ። በሰባ ዘጠኝ የጉምሩኩ በር ላይ ይዛችሁኝ የለ!»

ያኔ ከቀረጥ ነጻ ከነበረችው ከተማችን ልብስ ደራርቦ ለብሶ መውጣት የወጣቱ ሁሉ ሥራ ነበር። የዚያን ዓመት አረንጓዴ መዝገብ አወረድኩ። «ሐዲያ፣ ልብስ ሰፊ» ይላል፤ አድራሻው ያው ነው። «ደራርባ የለበሰቻቸው ቀሚሶች፣ ሰባት። ስድስቱ ተወርሰው አንዱ ለገላዋ መሸፈኛ ተትቶላታል።» ከሥሩ ፊርማ አለ።

ወግዲ አስፈረማቸው። የፊርማው ጭራ እንኳ አልተለወጠም።

«በማጭበርበርዎ መዝገብ እውነተኛነትዎ ተረጋገጠ!» ብሎ እየሳቀ ቅጹን አርሞ ማኅተሙን መታ።

«መዝገባችሁም ይዋሻል» አሉ ሐጃ፣ ብረቷን ቦርሳቸው ውስጥ እየከተቱ። «ስምንት ነበሩ።»

ሐሙስ ሙሽራዋ እስከ አንጓዋ በሚወርድ እጅጌ አምራ ወጣች። እኔ ግን ስምንተኛው ከነከነኝ፤ ያለ ማስረጃ መዝገብ አይታረምም አልኳቸው። ከዚያ ወዲህ መንገድ ላይ ባገኙኝ ቁጥር፣ «አረምከው፣ ኡስታዝ የመዝገብ ቤቱ?» ይሉኝ ነበር።

ካረፉ ዛሬ አርባ ቀናቸው ነው። ጠዋት አረንጓዴውን መዝገብ አወረድኩና ከ«ሰባት» ጎን በእርሳስ ጻፍኩ፦ «ስምንት። ምንጭ፦ ራሳቸው።»