ከኩባ የመጣው ደብዳቤ

ልጄ ስልኳ ላይ ስፓኒሽ መማር ጀምራለች። ትናንት ሽንኩርት እየከተፍኩ «ዮ ሶይ፣ ቱ ኤሬስ» ስትል ስሰማ እጄ ቀጥ አለ። «እኔ ነኝ፣ አንተ ነህ» ማለት ነው። እኔ ይህንን የተማርኩት ወላይታ ሶዶ፣ አስረኛ ክፍል ሳለሁ ነው፤ የተማርኩትም ሰው ለመበቀል።

ሰውየው ግቢያችን ውስጥ ተከራይቶ የሚኖር፣ ኩባ ተምሮ ደርግ ከወደቀ በኋላ የተመለሰ የባዮሎጂ አስተማሪ ነበር። ሽማግሌ ልኮ ታላቅ እህቴን ጠየቀ፤ ተፈቀደለት፤ ቀን ተቆረጠ። ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው «አልችልም» አለ። ምክንያቱን እንኳን አልተናገረም። እህቴ ከቤት መውጣት አቆመች። እናቴ ለሠርጉ ያጠራቀመችውን ቅቤ ለወራት እኛው በላነው፤ ሽታው በመጣ ቁጥር ጥርሴን እነክስ ነበር። የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ የነበረው አባቴ ግን «ፍርዱን ለጌታ ትተናል፤ ከቤት አላስወጣውም» አለ።

እኔ ለማንም አልተውኩም። የሰውየው ደብዳቤ የሚመጣው በአባቴ ፖስታ ሳጥን ነበር፤ ቁልፉም እኔ ጋ ነው። ከኩባ የሚመጡትን በእንፋሎት ከፍቼ ባያቸው አንድ ቃል አልገባኝ አለ። ሌላ ሴት እንዳለችው እርግጠኛ ነበርኩ። ጉዱን አንብቤ ሽማግሌዎቹ ፊት ላዋርደው ቆረጥኩ።

«ቲቸር፣ ስፓኒሽ ያስተምሩኝ» አልኩት። ደስታውን ብታየው። ከትምህርት መልስ፣ የዳሞታን ተራራ ደመና ሲሸፍነው፣ አቮካዶው ሥር ቁጭ ብለን «በስፓኒሽ ጠረጴዛ ሴት ናት፣ መጽሐፍ ወንድ ነው» ይለኛል። ቤታችን የሚነገረው ወላይትኛ ነውና በአማርኛውም ሴትና ወንድ እያምታታሁ ነው ያደግኩት። እሱ አንድ ቀን እንኳን አልሳቀብኝም፤ ይሄ ደግሞ ይበልጥ ያናድደኝ ነበር።

በአራተኛው ወር በእርሳስ የተጻፈ ደብዳቤ መጣ። ለመጀመሪያ ጊዜ ሁሉንም አነበብኩ፤ የጻፈችውም እንደኔ ጀማሪ ነበረች። «አባዬ፣ ሰባት ዓመቴ ነው። መጻፍ እችላለሁ። አንተ የት ነህ?» ከሥሩ በአዋቂ እጅ አዲስ አድራሻ ሰፍሯል። ቤት ለቀዋል።

ሽማግሌ ፊት ማንበቡን ተውኩት። ከዚያ የሚብስ በቀል አግኝቼ ነበር፤ ደብዳቤውን ደበቅኩት። ደስ አለኝ፣ አልዋሽህም። ወረቀቱ ዛሬም እኔ ጋ አለ።

እሱ ወደ ድሮው አድራሻ ይጽፋል፤ መልስ የለም። ከፖስታ ቤት ስመለስ በር ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። አንድ አርብ በስፓኒሽ «ደብዳቤ አለ?» አለኝ።

«የለም ቲቸር፣ ዛሬም አልመጣም» አልኩት፣ በስፓኒሽ፣ ሳልደናቀፍ።

ፊቱ በራ። «አንድም ስህተት የለውም» አለኝ። ራሴን ዳበስ አድርጎኝ ወደ ክፍሉ ገባ።