ለዘፋኝ የማትዳር ልጅ

ሦስት ሽማግሌዎች እሁድ ጠዋት ቤቴ ገብተው፣ ጉዳያችን ሳይሰማ አንቀመጥም ብለው ሲቆሙ መጀመሪያ ያየሁት ፊታቸውን ሳይሆን ጫማቸውን ነበር። አንደኛው አዲስ ጫማ አድርጓል። ለልመና አዲስ ጫማ ገዝቶ የሚመጣ ሰው የሚደብቀው ነገር ቢኖር ነው ብዬ አሰብኩ። እንዲህ ነኝ እኔ። ጠርጥር፣ ከገንፎም አይጠፋም ስንጥር የሚለው ተረት ለእኔ የተተረተ ይመስለኛል። የትምህርት ቤት ባልደረቦቼም አማርኛ ከምታስተምር ፖሊስ ጣቢያ ብትቀጠር ይሻላት ነበር ይሉኛል።

ቀድመው ሰው ልከውብኝ ስለነበር የባሌን ታላቅ ወንድም ከቡኢ አስጠርቻቸዋለሁ። ባሌ ከሄደ ወዲህ ለልጄ እንደ አባት የቆሙላት እሳቸው ናቸው። ጋሼ ነው የምላቸው። ከሽማግሌዎቹ ሁለቱን አውቃቸዋለሁ፤ አንደኛው የዕድራችን ዳኛ፣ ሌላው ጨርቅ ነጋዴው ጎረቤታችን ሐጂ ናቸው። ባለ አዲስ ጫማው የልጁ አጎት ነኝ ብሎ ከወልቂጤ የመጣ ነው።

“ልጅዎን ለልጃችን ልንለምን ነው የመጣነው” አሉ የዕድሩ ዳኛ።

“ልጁ ምን ይሠራል?” አልኩ፣ እያወቅሁ።

“ባጃጅ አለው። እዚሁ ቡታጅራ ይሠራል።”

“ሌላስ?”

አጎትየው ጫማውን አየ። “በትርፍ ሰዓቱ ራፕ ይሠራል።”

“እንግዲያው በከንቱ ደክማችኋል። ልጄን ለዘፋኝ እንደማልድር ይህ ከተማ ያውቃል።”

የዕድሩ ዳኛ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። “እናውቃለን እንጂ። ደፍረን የመጣነውም ለዚሁ ነው። አምና በወላጆች በዓል፣ ሁላችንም በተቀመጥንበት፣ ራፕ ሙዚቃ አይደለም ብለው የተናገሩት እርስዎ ነዎት። ሙዚቃ ካልሆነ ዘፈን አይደለም። ዘፈን ካልሆነ ደግሞ ልጃችን ዘፋኝ አይደለም።”

ሐጂ ራሳቸውን ነቀነቁ። “አልሃምዱሊላህ፣ መምህርት ያሉት ሐቅ ነው” አሉ።

የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም። ብያለሁ፤ ያውም በማይክሮፎን። የትምህርት ቤቱን ሚኒ ሚዲያ የምመራው እኔ ስለሆንኩ የበዓሉን ፕሮግራም ሳይ ሦስት ተማሪዎች “ሙዚቃ” በሚለው ስር ራፕ አስመዝግበው አገኘሁና ሰረዝኳቸው። አንድ ወላጅ ለምን ብለው ሲጠይቁኝ ማይክሮፎኑን ተቀብዬ፣ ዜማ የሌለው ነገር ሙዚቃ አይባልም፣ ቤት ስለመታ ብቻም ግጥም አይሆንም፣ ይህ መጣደፍ ነው አልኩ። ወላጆች አጨበጨቡልኝ። ልጆቹ አቀርቅረው ከመድረኩ ጀርባ ሄዱ። እውነቱን ለመናገር ያን ቀን ኮርቼ ነበር።

ዘፋኝ የምፈራበትን ምክንያትም ከተማው ያውቀዋል። እኔ ከጎጃም ተመድቤ ስመጣ ባሌ እዚህ አንድ ሆቴል ውስጥ በጉራጊኛም በአማርኛም ይዘፍን ነበር። ስለ ድምፁ ዛሬም ክፉ መናገር አልችልም። አንድ ዘፈኑ ተቀርጾ በሬዲዮ ይሰማለት ጀመር፤ ከአጠገብሽ አልርቅም ይላል። ልጃችን ሦስት ዓመት ሳይሞላት ለሥራ ነው ብሎ ለአንድ ሳምንት አዲስ አበባ ሄደ። ያ ሳምንት ይኸው ሃያ ሁለት ዓመት ሆነው። አልሞተም፣ እዚያው ሌላ ትዳር ይዟል። ዘፈኑ ግን በተለይ በመስቀል ሰሞን በሬዲዮ ይመጣል፤ በመጣ ቁጥር ተነሥቼ አጠፋዋለሁ። ተናድጄበታለሁ፣ አዝኜበታለሁ፣ ናፍቄውም አውቃለሁ። የመጨረሻዋን ለማንም ተናግሬ አላውቅም።

ያን እሁድ በገዛ ቃሌ ተያዝኩ። ጋሼ ደርሰው “ሁለት ሳምንት ስጡን፣ እንምከር” ባይሉልኝ ኖሮ እዚያው ቆሜ እቀር ነበር።

ሽማግሌዎቹ እንደወጡ ጥርጣሬዬ ወደ ልጄ ዞረ። ያን ክርክር የዕድር ዳኛ ከራሱ አላመጣውም። ሰውን በገዛ ቃሉ አስሮ መያዝ የምታውቅ አንዲት ልጅ ናት፤ ያስተማርኳትም እኔ ነኝ። ጓዳ ስገባ ፋርማሲ ለሥራ የምትለብሰውን ጋውን እየተኮሰች ነበር፣ በእሁድ ቀን። ምንም አልጠየቅኋትም። የልጁን ፎቶ ከዚህ በፊት በስልኳ አሳይታኛለች፤ እኔ ደግሞ ያየሁትን ፊት አልረሳም።

ማክሰኞ ጠዋት ክፍለ ጊዜ አልነበረኝም። ነጠላዬን እስከ ዓይኔ ተከናንቤ መናኸሪያው አጠገብ ያለው የባጃጅ ተራ ሄጄ ቆምኩ። ሦስት ባጃጅ አሳለፍኩ። ከኋላዬ የነበረች ሴት “እናቴ፣ የሚሄዱ ከሆነ ይሂዱ” ብላ ተቆጣችኝ። አራተኛው እሱ ነበር። ሆስፒታል በኮንትራት አድርሰኝ ብዬ ገባሁ።

ፍጥነት አያበዛም። ይህንንም ጠረጠርኩ፤ ሰው እያየው እንደሆነ ካላወቀ በቀር የባጃጅ ሾፌር እንዲህ ይነዳል? እንደ ዋዛ አድርጌ ጠየቅሁት።

“ከዚህ ሌላ ሥራ አለህ?”

“ራፕ እሠራለሁ፣ ማዘር።”

“እሱ ደግሞ ምንድነው?”

 አንድ የጭነት መኪና እስኪያልፍ ጠበቀ፤ ከዚያ በአውራ ጣቱ መሪውን መታ መታ እያደረገ፣ ድምፁን ሳያነሣ እንዲህ አለ፦

አንድ ቤት ሬዲዮ አለ፣ ድምፁን የሚፈራ፣
አንድ ዘፈን ሲጀምር ትነሣለች ከሥራ፣
እጇ ሳሙና ይዞም ቁልፉን አትስተውም፣
ድምፁን ታጠፋለች፣ ሰውየውን አታጠፋውም።

ደሜ ፊቴ ላይ ወጣ። ሃያ ሁለት ዓመት በሬን ዘግቼ የያዝኩትን ገመና አንድ የማላውቀው ወጣት ከፊቴ ቁጭ ብሎ፣ ጀርባውን ሰጥቶኝ፣ በአውራ ጣቱ እየመታ ነገረኝ። አውርደኝ ልለው አፌን ስከፍት ባጃጁ ቆመ። ቀና ብዬ ሳይ ሆስፒታሉ ጋ አይደለንም። የቆምነው ከገዛ ቤቴ በር ላይ ነው።

“ከመቼ ጀምሮ አወቅኸኝ?” አልኩት።

“ተራው ላይ ሦስት ባጃጅ ሲያሳልፉ።”

“ይህን የጻፍከው ለእኔ ነው?”

“ከጻፍኩት ዓመት አልፎታል፣ መምህርት። እርስዎ ይሰሙታል ብዬ አስቤ አላውቅም።”

“ታዲያ ለምን አሰማኸኝ?”

“ራፕ ምንድነው አሉኝ። ከዚህ የተሻለ የለኝም።” አፍሮ መሬት መሬት ያይ ነበር። ማፈሩ እውነት ይሁን ማስመሰል ለማወቅ ብዙ አየሁት፤ አላወቅሁም።

ማታ ልጄ ከሥራ ስትመለስ የያዝኩትን ሁሉ አወረድኩባት። የእናትሽን ቁስል ለባጃጅ ሾፌር መጫወቻ ሰጠሽው አልኳት። አስጨርሳኝ ቦርሳዋን አስቀመጠች።

“መጫወቻ አላደረገውም። ስነግረው አልቅሷል” አለችኝ። “እማዬ፣ አንቺ ራፕ ሙዚቃ አይደለም የምትይው ስላልሰማሽው ነው። ሙዚቃ የሚባለው አባቴ የሠራው ብቻ ሆኖ እንዲቀርልሽ ትፈልጊያለሽ።”

“ዝም በይ።”

“እላለሁ። ግን ስሚኝ፣ ካልፈቀድሽ ጠፍቼ አልሄድም። አንድ ሰው ጥሎሽ ሄዷል፣ ሁለተኛ አልሆንም። እዚሁ ካንቺ ጋር እቀመጣለሁ። ያኔ ሬዲዮ የምናጠፋው ሁለት እንሆናለን።”

ያን ቃል ከመስማት ጠፍታ ብትሄድ ይሻለኝ ነበር። እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባላል፤ የበረየሁት እኔ ነኝ፣ የምትቀጣው ግን እሷ ልትሆን ነው።

ሁለት ሳምንቱን እንደ መምህር አሳለፍኩት። የልጁን አራት መስመር በቃሌ ይዤ አረምኩት። ሁለተኛው ላይ “ከሥራ” የገባው ቤት ለማስመታት ነው፤ ነጥብ ቀነስኩበት። የመጨረሻው ከሌሎቹ ይረዝማል። ዜማ የለውም፣ ይህንን አሁንም እላለሁ። ግን ቅዳሜ ልብስ ሳጥብ እጄ በዚያ በአውራ ጣቱ ምት ሲሄድ ያዝኩት። ተውኩትና ቆየሁ፣ እንደገና ስጀምር እጄ ራሱ ወደዚያው ተመለሰ። ለግጥም እጄ እንዲህ ሆኖ አያውቅም። ለንግግርም አይሆንም። እጄን እንዲህ የወሰደው ከዚያ በፊት የአንድ ሰው ድምፅ ብቻ ነው። ያ ድምፅ፣ ዜማው እንዲያ አምሮ፣ አልርቅም ብሎኝ ሄዷል። ይኼኛው ምንም ቃል ሳይገባልኝ ያለሁበትን ነገረኝ። የሙዚቃ ማስረጃ አድርጌ የያዝኩት ዜማውን ነበር፤ የተታለልኩትም በዜማው ነበር።

ሽማግሌዎቹ በቀጠሮው መጡ። አሁንም ቆሙ። የአጎትየው ጫማ አቧራ ጠጥቶ አሮጌ መስሏል፤ ደስ አለኝ። ጋሼ ከጎኔ ተቀምጠዋል። የጓዳው መጋረጃ ስር የልጄ እግር ይታየኛል።

“ያለፈውን ንግግሬን ይዛችሁ ነበር የመጣችሁት” አልኩ። “ተሳስቻለሁ። ራፕ ሙዚቃ ነው። ልጃችሁም ዘፋኝ ነው።”

 የዕድሩ ዳኛ ዘንጋቸውን ወደ ሌላው እጃቸው አዛወሩ። ከመጋረጃው ስር ያለው እግር ወደ ኋላ ሸሸ።

“እንግዲያው መልስዎ...” አሉ ዳኛው፣ ሳይጨርሱት።

“ልጄን ለዘፋኝ ሰጥቻለሁ። አንድ ነገር ግን አስይዛችኋለሁ።”

“ይናገሩ።”

“ለሥራ ብሎ አዲስ አበባ ሲሄድ ብቻውን አይሄድም። ለአንድ ቀንም ቢሆን ይዟት ይሄዳል።”

ከባድ ነገር ልጠይቅ ነው ብለው ሰግተው ነበር መሰለኝ፣ ተያይተው ሳቁ። ሐጂ “ይህማ ምን አላት፣ መምህርት” አሉና ከሁሉ ቀድመው ተቀመጡ። ጋሼ ግን አልሳቁም። ጋቢያቸውን ሳብ አድርገው ዓይናቸውን ጠረጉበት።