እናቴ ያባረረችኝ ክረምት

ዕድሜዬ ስድስት ይሁን ሰባት በውል አላስታውስም፤ ክረምት እንደነበር ግን አውቃለሁ። ነገሩን የቀሰቀሰብኝ እዚህ እስራኤል፣ አሽዶድ ከተማ፣ ሮቫ ቤት በሚባለው ሰፈር ባለው ቤታችን፣ የልጅ ልጄ አቪታል ለባግሩት፣ ለሁለተኛ ደረጃ ማጠናቀቂያ ፈተናዋ፣ እንግሊዝኛ ስታነብ የሰማሁት ድምፅ ነው። አንዲት ቃል፣ «ቢላቭድ» የምትል፣ እየመላለሰች ስታነብ፣ «ምን ማለት ነው ልጄ?» አልኳት።

«በጣም የተወደደ ማለት ነው፣ አባባ። ‹የተወደደ› ከሚለው ቃላቸው ፊት ትንሽ ቁራጭ ጨምረው ነው የሠሯት፤ ቁራጯ ድሮ ‹ዙሪያውን› ማለት ነበረች ብላናለች መምህራችን። ሠርግ ላይም ይሏታል፣ መቃብር ላይም ይጽፏታል። እናትዎስ ምን ብለው ይጠሩዎት ነበር?»

እናቴ በመጨረሻ ያለችኝ «ሂድ፣ አትንካኝ» ነበር።

እናቴ ጎንደር ውስጥ ባለችው መንደራችን ሸክላ ትሠራ ነበር፤ በበጋ ጭቃውን አብረን እየረገጥን፣ «ሆዴ» እያለች ስታቅፈኝ የእጇ ጭቃ ጀርባዬ ላይ ደርቆ ይውል ነበር። ክረምት ሲገባ እህቴን ወለደችና እንደ ቤተ እስራኤል ሕጋችን ከመንደሩ ዳር ባለው የአራስ ጎጆ ሰማንያ ቀን ልትቀመጥ ሄደች። ጎጆውን ድንጋይ ከቦት ነበር፤ አባቴ ምግቧን ድንጋዩ ጋ አኑሮ ዞር ሲል እሷ ወጥታ ታነሳው ነበር፣ አራስ የነካ ሰው ወንዝ ወርዶ መላ አካሉን ሳይነከር ቤት አይገባምና። እኔም ከድንጋዩ ወዲህ ተቀምጬ አያት ነበር፤ «ዛሬስ በላህ?» ትለኝ ነበር።

አንድ ቀን ብቻዬን ሄጄ፣ ናፍቆቱ ቢያይልብኝ፣ ድንጋዩን ዘልዬ ሮጥኩ። እሷ ግን ጭራሮ አንስታ ወረወረችብኝ፤ «ሂድ፣ አትንካኝ» አለችኝ፣ በማላውቀው ድምፅ። አኩርፌ ተመለስኩ፣ ከዚያ ወዲያ አባቴን አልከተልም አልኩ። ሳምንት ሳይሞላ ትኩሳት ይዟት ሞተች።

መስከረም ጠብቶ ዝናቡ አባራ፤ እኔ ግን እህል አልቀምስም፣ ሰው አላናግርም ነበር። ጎጆው ውስጥ አብራት ሆና ስትረዳት የከረመችው የአባቴ እህት ጥሩወርቅ ሕፃኗን አዝላ መጣችና አጠገቤ ተቀመጠች።

«ምን ሆነሃል አንተ?»

«እማ ጠልታኝ ነው የሞተችው። አባረረችኝ።»

«ሞኝ» አለችኝ፣ እንባዋ እየወረደ። «ሳል ይዞህ አልነበር? ወንዙስ ሞልቶ ዛፍ እየነቀለ አልነበር? ብትነካት ኖሮ እዚያ ውሃ ውስጥ ይነክሩህ ነበር። አንተ ስትሄድ እሷ መቆም አቅቷት እኔን ተደግፋ፣ ‹ጀርባውን እንኳ ልየው› እያለች እስክትሰወር ታይህ ነበር።» ከዚያ ቆሎ ከመቀነቷ ፈትታ፣ እስክበላ ድረስ ከአጠገቤ አልተነሳችም።

ዛሬ እዚህ አገር ሴቶቻችን ሐኪም ቤት ይወልዳሉ፤ ልጆቹ ዘለው አልጋው ላይ ይወጣሉ፣ እናታቸውን ይስማሉ፣ የሚከለክላቸው የለም። ልጄ የወለደች ጊዜ ግን እኔ ደጃፉ ላይ ቀርቼ፣ «ይግቡ እንጂ አባዬ» እስክትለኝ ቆሜ ነበር። ደስ ይለኛል፤ ደግሞ ያመኛል። ከዚያ ክረምት በኋላ እናቴን የመለሰችልኝ አክስቴ ጥሩወርቅ ነበረች።