ማርም ጥርስ አለው

ልጄ የባጃጁን ባትሪ ያስቀመጠበት የብረት ትሪ ተበሳስቶ ቢያገኘው በትንሿ ሴት ልጁ ላይ ጮኸ። "በምን በሳሽው?" ከትሪው የሚወጣው ቆምጣጣ የብረት ሽታ ግን እኔን የልጅነት መንደሬ ማንኪራ፣ አባቴ ቤት አደረሰኝ።

ያን ዓመት የማር ገንቧችን ተሰንጥቆ ስለነበር አባቴ የመስቀሉን ማር በአዲስ የብረት ባልዲ አስቀመጠው። ለጠጅ ሲከፍተው ዳር ዳሩ ጠቁሯል፤ ሲቀምሰው ብረት ብረት አለው።

"ይቺ ናት በአመዳም እጇ የዛቀችው! ለመስቀል ቦንጋ አትወርድም፤" አለ።

አዲሱ ቀሚሴ ግድግዳው ላይ ተሰቅሎ ያየኛል። "አልነካሁም!" ብዬ ድርቅ አልኩ።

የአባቴ ታላቅ እህት ከጎረቤት ንጹሕ ማር በሸክላ አምጥታ የሚያብረቀርቅ ምስማር ነከረችበት። "ማርም ጥርስ አለው፤ ልጅቷን ከመቅጣትህ በፊት ብረቱን ጠይቀው፤" አለችው።

እኔ ጥርሱን ላይ ብዬ ሸክላው ላይ ተደፍቼ ዋልኩ። የሰሙና የጫካው አበባ ሽታ ዛሬም አፍንጫዬ ውስጥ አለ። ከቀናት በኋላ በምስማሩ ዙሪያ ማሩ እንደ ቀለም ጠቆረ። አባቴ ቀሚሴን አውርዶ ሰጠኝ።

"አንተ፣ ምስማር አምጣ!" አልኩት ልጄን።

"ለምንድን ነው፣ እማዬ?"

"ባትሪው ያፈሰሰው ውሃ ላይ ጣለውና እይ።"

ምስማሩ ተንሿሿ፤ አረፋ ደፈቀ። ልጄ አንገቱን ደፋ፤ ሊወጣም ተነሳ። በሩ ላይ ቆምኩበት። አባቴ ያኔ ይቅርታ አላለኝም፤ ልጄ ግን ልጅቱን ይቅርታ ሳይላት አያልፍም።