በጠመኔ የተሠመረች ጀልባ

የቀለጠ ስታኞ ሽታ አፍንጫዬን በመታው ቁጥር ክረምት ይሆንብኛል። በቀደም ሬዲዮ ላሠራ ከገባሁበት ሱቅ ውስጥ ጠጋኙ ሽቦ ሊበይድ ስታኞውን ሲያቀልጥ ጭሱ ፊቴ ላይ መጣና፣ ዝናቡ ቆርቆሯችንን ሲደበድበው፣ አባዬ ወለሉ ላይ ተንበርክኮ፣ ወንድሜ መስፍን ሽቦ ይዞለት ወለል ብሎ ታየኝ። ጠጋኙ ልጅ «ምን ልታዘዝ እናቴ?» ሲለኝ ሬዲዮዬን እንደታቀፍኩ ጭሱን አያለሁ፤ ያመመኝ መስሎት ወንበር አቀረበልኝ።

አባዬ ከወላይታ ለሥራ ብሎ አዋሳ የገባ የፋብሪካ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበር፤ ያኔ ከተማዋን አዋሳ ነበር የምንላት። መስፍን ደግሞ ቁመቱ ከአባዬ በልጦ፣ ጢሙ ማቆጥቆጥ ጀምሮ፣ ለብሔራዊ ውትድርና ደርሶ ነበር። አፈሳ በመጣ ቁጥር የሰፈሩ ልጆች ከገበያም ከኳስ ሜዳም እየተለቀሙ በካሚዮን ይጫኑ ነበርና፣ እማዬ ቡሹሎ አክስቱ ዘንድ ሄዷል ብላ አስወርታ፣ ሰው በመጣ ቁጥር ጓዳ እየከተተች ታውለው ነበር። እኔም ሳልጠየቅ ሁሉ «ቡሹሎ ነው» እያልኩ እመልስ ስለነበር፣ እንዳታስነቃብን ብላ አንድ ቀን ቆነጠጠችኝ።

የቀበሌያችንን ሊቀመንበር ግን «ቡሹሎ ነው» ብሎ ማን ያሳምነዋል! ክረምቱ እንደገባ ራሱ ቤታችን መጥቶ፣ ወደ ጓዳው በር እያየ፣ ለአባዬ ሥራ ሰጠው። አንድ የውጭ አገር ሰው ጥሏት የሄደ ባለ ሸራ ጀልባ ተወርሳ ሐይቁ ዳር ተቀምጣ ነበር፤ ከኋላዋ የሚንጠለጠል ትንሽ ሞተርም ነበራት። ሊቀመንበሩ የፈለገው ይህችን ጀልባ ለአብዮት በዓል ከአፍንጫዋ እስከ ምሰሶዋ ጫፍ አምፖል ደርድሮ፣ እንግዶቹ ፊት ሐይቁ ላይ ማንሸራሸር ነበር። አባዬ ይህን ከሠራ ልጁን ከአፈሳው እሱ እንደሚያስቀርለት ቃል ገባ።

አባዬ ዓይኑ እየደከመ ስለነበር ቀጫጭኑን ሥራ ያለ መስፍን አይችለውም፤ መስፍን ደግሞ ወደ ሐይቁ መሄድ አይችልም። ስለዚህ አባዬ ጀልባዋን በገመድ ለክቶ መጣና፣ እቃውን ሁሉ ወደ ግድግዳ ገፍቶ፣ በሳሎናችን ወለል ላይ በልኳ በጠመኔ አሠመራት። አፍንጫዋ በሩ ጋ ነበር፣ ሞተሩ እማዬ አልጋ ሥር። ክረምቱን ሙሉ ጀልባ ውስጥ በላን፣ ጀልባ ውስጥ ጸለይን፤ እኔ ረስቼ መሥመሩን ከረገጥኩ መስፍን «ሰጠመች!» ብሎ ይስቅብኝ ነበር። ከቤት ሳይወጣ እንዴት ይስቅ እንደነበር አሁንም ይገርመኛል።

እቅዱን ሲያወጡ ብዙ ተጨቃጨቁ። አባዬ አንድ ባትሪ ይበቃል ሲል፣ መስፍን መብራቱ ባትሪውን ጨርሶት ሞተሩ አልነሳ ቢልስ፣ ሐይቁ መሀል ትቀራለህ አለው፤ አባዬም አጉረምርሞ ከአሮጌ ትራክተር ሁለተኛ ባትሪ አመጣ፣ አንዱ ለሞተር፣ አንዱ ለመብራት ሆነ። ሽቦ ከሽቦ ቢነካካ ቀድሞ ተቃጥሎ መብራቱን የሚያቋርጥ ፊውዝ ካልገባ መሥመሩ ሊቃጠል ይችላል ያለው ደግሞ አባዬ ነበር። የተገኘው ሽቦ ሁሉ ጥቁር ስለነበረ ፖዘቲቩ ከኔጌቲቩ እንዳይምታታ ምልክት አስፈለገና፣ የእኔን ቀይ ሹራብ ተረተሩት። ሁለት ቀን አላናገርኳቸውም፤ በዚያ ብርድ የእኔን ሹራብ ለጀልባ! መስፍን ግን ከተረፈው ክር አምባር ሠርቶ እጄ ላይ አሰረልኝና ታረቅን።

መስከረም ሊጠባ ጥቂት ቀን ሲቀረው ሽቦው ተጠቅሎ ሄዶ ጀልባዋ ላይ ተዘረጋ፣ ሲሞከርም በራ። በበዓሉ ዋዜማ ሊቀመንበሩ አባዬን ጠርቶ «ልጁን ይዘኸው ና። ሰው ሁሉ እያየ አጠገቤ ይቁም፣ ከዚያ ወዲያ ማን ይነካዋል?» አለው። እማዬ ይህን ስትሰማ እጇን ራሷ ላይ ጫነች።

«ክረምቱን ሙሉ ደብቀን ያቆየነውን ልጅ፣ በገዛ እጃችን?» አለችው።

«ቃል ሰጥቶኛል» አለ አባዬ። እሱ ራሱ ቃሉን አጥፎ ስለማያውቅ ሌላውም የሚያጥፍ አይመስለውም ነበር፣ የዋህ።

በማግስቱ ፀሐይ ስትጠልቅ ሐይቁ ዳር ሰው እንደ አሸዋ ፈሰሰ። አባዬ ከአንድ ዓሣ አጥማጅ ጋር ጀልባዋ ላይ ወጣ፤ እኔና መስፍን የሊቀመንበሩን ወንበር ስንፈልግ ባዶ ሆኖ አገኘነው። ድንግዝግዝ ሲል አምፖሎቹ ቦግ አሉ፤ ያ ሁሉ ሕዝብ በአንድ አፍ «ውይ!» አለ፣ ጎረምሶቹም ለማየት ወደ ውኃው ተጠጉ። መስፍን እጄን ጥብቅ አድርጎ ይዞ፣ ዓይኑ እንባ አቅርሮ ያይ ነበር። ካሚዮኖቹ ከኋላችን መጥተው ሲቆሙ ልብ ያለ አልነበረም።

አባዬ ግን ፊቱ ወደ እኛ ስለነበር አየ። ወታደሮቹ እየዘለሉ ወርደው ሕዝቡን ሲከቡ፣ በራሱ መብራት ወለል ብሎ ታየው። ምን ያድርግ? ካቻቢቴውን መዝዞ ሁለቱን ሽቦዎች አገናኘና ፊውዙን አቃጠለው፤ ልጆቹ በጨለማው እንዲያመልጡ ብሎ ነው። ድንገት ድቅድቅ አለ፣ ጩኸትና ግፊያ ሆነ፣ ብዙዎቹም ወደ ከተማው ሮጠው አመለጡ። መስፍን ግን የገዛ ሥራው የተበላሸ፣ አባዬንም አሻጥረኛ ብለው የሚወስዱት መሰለው።

«ፊውዙ ነው፤ ትርፉ እኔ ኪስ ነው ያለው» አለና እጄን ለቆ ወደ ውኃው ሮጠ። ወታደሮቹ እዚያው ጀልባ መሳፈሪያው ላይ ያዙት።

በጋው እማዬ ካሚዮን በሰማች ቁጥር በር ላይ እየቆመች አለፈ። ሊቀመንበሩ ከላይ የመጣ ትእዛዝ ነው ብሎ፣ ከዚያ ወዲያ መንገድ ቀየረብን። በሚቀጥለው ክረምት መስፍን ሰሜን ጦር ግንባር ወድቋል የሚል መርዶ መጣ፤ መቃብሩ የት እንደሆነ አናውቅም። የጠመኔው መሥመር እግራችን ሥር ደብዝዞ እስኪጠፋ ድረስ እማዬ ያንን ወለል በውኃ አላጠበችውም።

አባዬ እስኪሞት ድረስ «ወደ ከተማው መሮጥ ሲችል፣ ምን ወደ ውኃው ወሰደው?» እያለ ይጠይቅ ነበር። እማዬ፣ መስፍን ሲሮጥ ያለውን የዚያኑ ቀን ነግሬያት ስለነበር፣ እኔን አየት ታደርግና «ጨለማ ነበር፣ ግራ ገብቶት ነው» ትለው ነበር። እኔም አንገቴን እየነቀነቅሁ አረጋግጥለት ነበር። ይህንን ብቻ ነው ልንሰጠው የቻልነው።

አሁን ሐዋሳ ብርሃን በብርሃን ናት፤ ሐይቅ ዳር ጀልባዎቹ አምፖል ደርድረው፣ ሙዚቃ ከፍተው ይመላለሳሉ፣ ልጄም ቅዳሜ ቅዳሜ እየጎተተ ይወስደኛል። ልጄ ዛሬ፣ መስፍን ያኔ ከነበረበት ዕድሜ አልፏል። መብራት ሲጠፋ ወጣቶቹ ይስቃሉ፣ ስልካቸውን አውጥተው ያበራሉ፣ የሚሮጥ አንድም የለም። እኔ ግን የልጄን ክንድ እይዛለሁ። «እማ፣ አሁን ይበራል እኮ» ይለኛል። አውቃለሁ እለዋለሁ፤ እስኪበራ ግን አልለቀውም።